ለሁለት ቁጥር የተጻፈ ደብዳቤ

ፖስታውን ሳልከፍት ከጠረጴዛዬ አጭር እግር ሥር የሸጎጥኩት እኔ ነኝ። ይኸው ተናዘዝኩ፣ ልጆቼ። ሌላ ሰው አትጠርጥሩ።

ፖስታው የእግር ኳስ ክለባችን ነበር። ከእሱ ቀደም ብሎ የመጣው ደብዳቤ የዓመት ካርዳችን ዋጋ እጥፍ መሆኑን ነግሮኝ ስለነበር፣ ሁለተኛውን ሳየው «ደግሞ ምን ቀረህ? ጫማዬን?» አልኩና አጥፌ ጠረጴዛዬን አስተካከልኩበት። ስምንት ቀን ሙሉ ምሳዬን በላዩ ስበላ፣ ከሥሩ የሰው ልብ ታጥፎ መተኛቱን መች አወቅሁ?

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ጡረታ የወጣሁት ከሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ስታዲየም ውስጥ ግን «እማማ ፊሽካ» ነው የሚሉኝ። ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ሳፏጭ ዳኛው ራሱ ዘወር ይላል። በክፍቱ ትሪቡን ሰባተኛ ረድፍ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ፤ መጀመሪያ ከባለቤቴ ጋር፣ እሱ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን። ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ ሲወርድ የክብር ትሪቡኑ ሰው ሁሉ ጠፋ። እኛ እዚያው ዝናብ እየመታን ነበርን።

በዚያው ረድፍ በወዲያኛው ጫፍ አባትና ልጅ ይቀመጣሉ። አባትየው የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ ሰው ነው። አንድ ጉልበቱ አይታጠፍም፤ ጫፍ የያዘውም እግሩን ወደ ደረጃው ለመዘርጋት ነው። ከጎኑ ሁለተኛው ወንበር ላይ ልጁ ይቀመጣል። ሶፋ ሠሪ ነው፤ ዝምተኛ፣ ጣቶቹ ላይ ሁልጊዜ ማስቲሽ የማይጠፋ።

ባለፈው ዓመት የካርድ ክፍል ኃላፊ ሆና አንዲት ልጅ መጣች። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ልጅ ናት። ከአባቷ ጎን ለስላሳ ወንበር እያላት አንድ ቀን ካርድ ልትቆጣጠር ወደ እኛ ወጣችና ሾፌሩ ከደረጃው ጋር ሲታገል አየችው። ክንዱን ያዘች። ልጁ በሌላኛው ክንድ በኩል ነበር። ከሽማግሌው ራስ በላይ ተያዩ። እኔ ከዚህኛው ጫፍ ሆኜ አየኋቸው። በዚያች ደቂቃ እኮ ጎል ገብቶልን ነበር! ትሪቡኑ ሁሉ ሲዘል ሁለቱ ምንም አልሰሙም።

ከዚያ ወዲህ በየጨዋታው «ካርድ ልቆጣጠር» እያለች ከች ትላለች። የምትቆጣጠረው ደግሞ ሰባተኛ ረድፍን ብቻ! ከኋላችን የሚቀመጠው ፀጉር አስተካካይ ምላሱ ከመቀሱ የፈጠነ ሰው ነው። «እህቴ፣ የኛ ረድፍ ሌባ በዝቶበት ነው?» ሲላት ፊቷ ቲማቲም ይመስላል። ልጁን በስሙ አትጠራውም። «ሁለት ቁጥር፣ ካርድህን?» ነው የምትለው። አንዲት ካርድ ለመስጠትና ለመቀበል ያን ያህል ጊዜ የፈጀባቸው ሰዎች በዕድሜዬ አላየሁም።

ወሬው አባቷ ጆሮ ደረሰ። «ሶፋ ይቀመጡበታል እንጂ አይዛመዱትም» አለ አሉ። ቢሆንም ልጆቹ ተደዋወሉ፣ ተጠባበቁ፣ ተስፋ አደረጉ። ያ የመጀመሪያው ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ።

«ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል። ሠላሳ አንድ ዓመት ደጋፊ ነበርኩ፤ በአንድ ጠዋት ደንበኛ ሆኜ ተነሳሁ። ዋጋው እጥፍ ሆኗል። የጡረተኛ ቅናሽ ቀርቷል። በረድፍ ጫፍ ያሉ ወንበሮች «ልዩ መደብ» ስለሆኑ፣ ያን መክፈል ያልቻለ ወደ ላይኛው ፎቅ ይዛወራል። እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ያልከፈለ ደግሞ ወንበሩ ለሌላ ይሸጣል። ከታች የልጅቱ ፊርማ አለ።

ሶፋ ሠሪው ፊርማውን ሲያይ ምን እንዳለ ፀጉር አስተካካዩ ነገረኝ። «አባቴን ደግፋ ባወጣችበት እጇ፣ ወደ ፎቅ ውጣ ብላ ፈረመችበት።» ከዚያ ወዲያ ስልኳን ማንሳትም አቆመ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ነገ የመጨረሻው ቀን። ልክፈል ወይስ ልተወው እያልኩ ስንገላታ ሰንብቼ፣ ለማንኛውም ቅጹን ልየው ብዬ ጠረጴዛውን አነሳሁና ፖስታውን አወጣሁ። ውስጡ የታተመ ቅጽ አለ። ከቅጹ ኋላ ግን በእጅ የተጻፈ ወረቀት ዱብ አለ።

መነጽሬን አደረግኩ። ፊደል የቆጠርኩት በማታ ትምህርት ስለሆነ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው።

«ውዴ፣ እንቅልፍ ካጣሁ አሥራ ሁለት ቀን ሆነኝ» ይላል።

ጉድ ፈላ! ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩና መልሼ አየሁት። እሱው ነው። ማን አየኝ ብዬ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። አትሳቁብኝ፣ ፀጉሬንም ነካ ነካ አደረግኩ። ከዚያ ቀጠልኩ።

«ሱቅህ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ። ስታየኝ የስፌት መኪናህን አስነሳህና ቀና ሳትል ቀረህ። ያን ደብዳቤ እኔ አልጻፍኩትም። ፊርማዬን በማኅተም አስቀርጸው በሁሉም ላይ መቱት፤ እኔም ያየሁት ከናንተ እኩል ነው። የአባትህን ጉልበት እያወቅሁ እንዲህ የማደርግ መሰለህ? ይህንን ከቅጹ ጋር በክለቡ ፖስታ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ስምህን ብጽፍበት አባቴ ጋ ይደርሳል።

«ሌላም ነገር አለ። በክለቡ ደንብ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ደጋፊ ወንበሩንም የድሮ ዋጋውንም ይዞ ይቀጥላል። ግን እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ይህን ለማንም አልተናገሩም። የአባትህን ማመልከቻ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የቀረው ፊርማው ብቻ ነው።

«ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስድስተኛው በር ጋ እጠብቅሃለሁ። ካልመጣህ ያንን ወረቀት አምነህ እኔን እንዳላመንከኝ ይገባኛል። አልለምንህም። ሌላ ከተማ ያለው ቢሯችን ሂጂ እየተባልኩ ነው። እሄዳለሁ።»

የስፌት መኪና፣ የአባት ጉልበት! ደብዳቤው ለማን እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ለምን እኔ ጋ እንደመጣ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ቆይ፣ ሐሙስ ነው ያለችው? ሐሙስ እኮ ትናንት ነው! ትናንት አራት ሰዓት ላይ እኔ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብዬ ምስር እለቅም ነበር። እሷ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ!

ሻርፔን ጭንቅላቴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

የሶፋ ሠሪው ሱቅ ተቆልፏል። አጠገቡ ያለው ቁልፍ ቀራጭ ራሱን ነቀነቀ። «ወንበር ሊያደርስ ከከተማ ወጥቷል፣ እማማ። ስልኩም ዝግ ነው።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ነገ ጠዋት በቀጥታ ክለብ ይሄዳል። የሱንም የአባቱንም ካርድ ሊመልስ። ‘እጇ ላይ ነው የማስቀምጠው’ ብሏል።»

ወደ ስታዲየሙ ሮጥኩ። መሮጥ እንኳ አይባልም፤ ጉልበቴ የፈቀደውን ያህል ተራመድኩ። የካርድ ክፍሉ መስኮት ተዘግቷል። ዘበኛው ያውቀኛል።

«ራሴን አመመኝ ብላ ቀድማ ሄደች» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ስድስተኛው በር ላይ ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ቆማ ነበር፣ እማማ። ፀሐዩ አናቷን ሲበሳት ወንበር ላምጣልሽ ብላት ‘የምጠብቀው ዕቃ አለ፣ ቆሜ ነው የምቀበለው’ አለችኝ። የመጣ ዕቃ ግን አላየሁም።»

ሦስት ሰዓት ሙሉ! ቤቴ ገብቼ ያን ጠረጴዛ እንዳላየ አለፍኩት። እራቴን ቆሜ በላሁ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ ሰልፉ የስታዲየሙን አጥር ግማሽ ዞሯል። የሰባተኛ ረድፍ ሰዎች፣ የስምንተኛ ረድፍ ሰዎች፣ ባሎቻቸውን ቀብረው ወንበራቸውን ያልተዉ ሴቶች። ማንም አይስቅም። ከፊት አሻግሬ ሳይ ሽማግሌው ሾፌር በዱላው ተደግፎ ቆሟል። ልጁ ከጎኑ ነው። ከመስኮቱ የቀራቸው አንድ ሰው ብቻ!

ሰልፉን በጎን ይዤ ወደ ፊት ነካሁት።

«እማማ፣ ሰልፍ አለ!» አለኝ አንዱ።

«እኔ ለወንበር አይደለም የመጣሁት፣ ልጄ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው!»

እየተጨቃጨቅሁ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ልጁ መስኮቱ ጋ ቆመ። ከመስተዋቱ ወዲያ ልጅቱ ቀና አለች። የሁለቱንም ፊት አየሁ። አንዱ ሳያውቅ ሌላውን ፈልጎ ያገኘ ዓይን ነበር፤ ወዲያው ሁለቱም ሰበሩት።

«ጤና ይስጥልኝ» አለችው። «ቁጥርዎን ይንገሩኝ።»

ቁጥርዎን! በደብዳቤዋ «ውዴ» ያለች ልጅ! ልጆቼ፣ የሚዋደዱ ሰዎች «እርስዎ» ሲባባሉ መስማት እንዴት እንደሚያም ልነግራችሁ አልችልም።

«ቁጥሬም ጠፋዎት?» አለ። ድምፁ ሻካራ ነበር። «የአባቴ አንድ፣ የኔ ሁለት። ልመልስ ነው የመጣሁት።» ሁለቱን ካርዶች በመስተዋቱ ሥር ገፋቸው።

አልነካቻቸውም። «ሁለት ቁጥር የለም» አለች። «ማለቴ፣ ተቀይሯል። በአዲሱ አቀማመጥ ረድፉ የሚቆጠረው ከሌላኛው ጫፍ ነው። የእርስዎ ሃያ ሦስት ሆኗል። ሁለት ቁጥር አሁን...» ዝርዝሩ ላይ ጣቷን አወረደች። ጣቷ አንድ ስም ላይ ቆመ። ፊቷ አመድ ሆነ።

እሷም ገባት፣ እኔም ገባኝ። ረድፋችን ሃያ አራት ወንበር ነው። እኔ በድሮው ከእነሱ ጫፍ ሲቆጠር ሃያ ሦስተኛ፣ በአዲሱ ከኔ ጫፍ ሲቆጠር ሁለተኛ ነኝ። አዲሱን ዝርዝር በገዛ እጇ ያዘጋጀች ልጅ፣ ፖስታው ላይ የጻፈችው ግን አፏ የለመደውን ቁጥር ነበር። የፖስታ ክፍሉ ሰው ደግሞ ሁለት ቁጥር ማን ነው ብሎ አዲሱን ዝርዝር አየና የኔን አድራሻ ለጠፈበት።

ሁለት ጣቴን አፌ ከተትኩ። እንደዚያ አፏጭቼ አላውቅም። ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ሁለት ቁጥር እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ደብዳቤው እኔ ጋ ነው የመጣው!»

ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ፣ «እማማ፣ በስተርጅና ፍቅር ያዘዎት እንዴ?» አለ።

«አንተ ዝም በል፣ በገዛ መቀስህ ምላስህን እንዳልቆርጠው!» አልኩና ወረቀቱን ለሶፋ ሠሪው ሰጠሁት። «እንካ፣ ልጄ። ያንተ ነው። ስምንት ቀን ያሰርኩብህ እኔ ነኝ፤ ፖስታውን አልከፈትኩትም ነበር። እሷን እንዳትቆጣ።»

እዚያው ቆሞ አነበበው። ማስቲሽ የነካው አውራ ጣቱ ከመስመር ወደ መስመር ሲወርድ አያለሁ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ አነበበ።

«ሐሙስ...» አለ።

«ጠብቄህ ነበር» አለችው። ያ «እርስዎ» የት እንደገባ እንጃ። «የስታዲየሙን በር የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ስቆጥር ነበር። አንተ የለህበትም።»

«አልደረሰኝም። ደርሶኝ ቢሆን ረቡዕ ነበር የምመጣው።»

«ሱቅህ ስመጣስ? ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም።»

ልጁ ወደ መስተዋቱ ተጠጋ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማው ተናገረ። «መኪናውን ያስነሳሁት ድምፄን እንዳትሰሚው ነው። እያለቀስኩ ነበር። የዚያን ቀን የሰፋሁት ሶፋ ሁሉ ጠማማ ሆኖ ባለቤቱ መልሶ አመጣው።»

አንዲት ሴት ከሰልፉ «ውይ!» አለች። ልጅቱ በአንድ እጇ አፏን ያዘች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም።

«ልታምነኝ ይገባህ ነበር» አለች።

«ይገባኝ ነበር። አንቺን ትቼ ወረቀት አመንኩ። ይቅር በይኝ።»

ሽማግሌው ዱላውን መሬት ላይ አንኳኳ። «ልጆች፣ ልትታረቁ ከሆነ ቶሎ ታረቁ። ካልሆነ ወንበር ይምጣልኝ፤ እግሬ ደርቆ ቀረ።»

ሰልፉ ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ቀርቶኛል። ወደ መስተዋቱ ጠጋ ብዬ ቀስ ብዬ ጠየቅኋት፤ «ልጄ፣ ሌላኛው ጉዳይ፣ የደንቡ ነገር፣ ለእሱ ብቻ ነው ወይስ ለሁላችንም?»

ከኋላዋ ያለውን የተዘጋ በር አየች። የአባቷ ቢሮ ነው። ከዚያ ሰልፉን አየች፤ እስከ አጥሩ ማዕዘን ድረስ። ከወንበሯ ተነሳችና መስተዋቱን እስከ ጥጉ ከፈተችው።

«ስሙኝ!» አለች። «ከሃያ ዓመት በላይ የቆያችሁ ሁሉ፣ በደንቡ መሠረት ወንበራችሁም የድሮ ዋጋችሁም የራሳችሁ ነው። በጽሑፍ ጠይቁ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እቀበላለሁ። መጻፍ ላልቻለ እኔ እጽፍለታለሁ።»

ከዚያ የንብ ቀፎ የተነካ መሰለ። አንድ እስክሪብቶ በሠላሳ ሰው እጅ ዞረ። ሰው በሰው ጀርባ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ይጽፍ ጀመር።

ጫጫታው ያስወጣው ሥራ አስኪያጁ በሩን ከፍቶ ቆመ። ረጅም፣ ክራባቱ ጠበቅ ያለ ሰው ነው።

«ማን ፈቀደልሽ?» አላት።

«ደንቡ፣ አባዬ።»

«ቦርዱን ማን ሊያስረዳልኝ ነው? አንቺ ነሽ?»

«ከጠየቁኝ አዎ። ስሜን ደብዳቤያቸው ላይ ሲመቱት ግን አልጠየቁኝም።»

ያኔ ሽማግሌው ሾፌር አንድ እርምጃ ቀረበ። «ጌታው፣ አያስታውሱኝም። ክለቡ በወረደበት ዓመት አውቶቡስ የምትከራዩበት ስታጡ፣ ተጫዋቾቹን በጭነት መኪናዬ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ወስጄ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ነዳጅ እንኳ ሙሉልኝ አላልኩም። ዛሬም ውለታ አልጠይቅም። ይህቺን ደረቅ እግር የምዘረጋበት ቦታ ብቻ ይተውልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ሽማግሌውን ትኩር ብሎ አየው። ያስታውሰው፣ አያስታውሰው አላውቅም። ከዚያ ወደ ሴት ልጁ ዞረ። ያበጠውን ዓይኗን አየ።

«ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልቀመስሽም» አላት፣ የሥራ አስኪያጅ ድምፁ ጠፍቶ የአባት ድምፅ መጣ። «በዚህ ምክንያት ነው?»

«በዚህም ነው» አለች። ቀጥላም፣ ሳትሸሽግ፣ ሶፋ ሠሪውን እያየች፣ «በእሱም ነው።»

ሰውየው ክራባቱን ላላ አደረገ።

«ለጥፊው» አለ በመጨረሻ። «ደንቡን በሩ ላይ ለጥፊው። ሰዓቱም እስከ አሥራ አንድ ይራዘም። የቦርዱን እኔ እመልሳለሁ።» ሊገባ ዞር ብሎ በሩን እንደያዘ ወደ ሶፋ ሠሪው ተመለሰ። «አንተን ግን ገና አላወቅሁህም።»

«ያውቁኝ ዘንድ ዕድል ይስጡኝ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው እሑድ ቤት ና። አባትህንም ይዘህ።» በሩ ተዘጋ።

«ሶፋም ይዘህ ሂድ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሰልፉም በሳቅ ፈረሰ። ልጅቱ ሁለቱን ካርዶች አንስታ ለልጁ መለሰችለት። ጣቶቻቸው በካርዱ ላይ ቆዩ። የዚያን ቀን ማንም ቶሎ በሉ አላላቸውም።

እሷ ግን ሥራ ነበራት። ሰልፉ ገና ረጅም ነው። ሾፌሩ የተጻፈለትን ማመልከቻ ፈረመና ቁልፍ ቀራጩ መጥቶ ወደ ቤቱ ሸኘው። ሶፋ ሠሪው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና አልነሳ አለ። እሷ የአንዱን ማመልከቻ በጨረሰች ቁጥር ቀና ትላለች። መኖሩን ታያለች። ትንሽ ፈገግ ብላ ወደሚቀጥለው ሰው ትመለሳለች።

ወረፋዬ ደርሶ ጉዳዬን ስጨርስ ፀሐይ ወደ ጥግ አዘንብላ ነበር። ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ። እግሬ ግን ወደ ድንጋዩ ወሰደኝ። ልጁ ኮቱን አውልቆ አነጠፈልኝና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ደክሞዎታል አይደል?» አለኝ።

«የለም፣ ልጄ» አልኩት። «ቀለለኝ እንጂ።»

እሱ መስኮቱን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። እንባዬ ሲወርድ ይታወቀኛል፤ ልጠርገው ግን አልቸኮልኩም።